ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው፤ ከመወለዳችን በፊት ሪዝቃችንን ለጻፈልን፣ ሐላሉን አስፍቶ ሐራሙን ለለየልን ጌታ። ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን እንድንፈራ አደራ እላለሁ። አሁን ሰፋችን ቀጥ ብሏል፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመናል። ከሶላት በኋላ ወደ ሱቃችን፣ ወደ በረንዳችን፣ ወደ ቢሮአችን ስንመለስ ይህ ቀጥ ማለት አብሮን ይሄዳል ወይ? የዛሬው ኹጥባ ስለዚህ ነው። ሰውን ስለሚያታልል ሰው ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የመዲናን ገበያ እየዞሩ ያዩ ነበር። አንድ ቀን እህል ከምሮ በሚሸጥ ነጋዴ አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ክምሩ ሰደዱ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ይህ ምን እንደሆነ ነጋዴውን ጠየቁት። ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ታዲያ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ያታለለ ሰውም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ሐዲሱን ኢማሙ ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ዘግበውታል። ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ስለለመድነውም በፍጥነት እናልፈዋለን። ዛሬ ትንሽ እንቆይበት።

ሰውየው እህሉ ላይ ውሃ አልጨመረም። ያረጠበው ዝናብ ነው፤ ዝናብ ደግሞ የአላህ ነው። ጠጠር አልቀላቀለም። ሚዛን አዛባ አልተባለም። በሐሰት ማለ የሚል ቃልም በሐዲሱ ውስጥ የለም። የሠራው አንድ ነገር ነው፤ ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከሥር አድርጎ ዝም አለ። ገዢ በዓይኑ አይቶ ሊፈርድበት የሚገባውን ነገር ከገዢው ዓይን ሸሸገ። በዚህ ብቻ ያን ከባድ ቃል ሰማ።

ሌላም ነገር አስተውሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እህልህን ጣለው አላሉትም። መሸጥ ክልክል ነው ብለው ከገበያ አላስወጡትም። እርጥቡ ከላይ ይሁን፣ ሰው ይየው ነው ያሉት። የፈለገ አይቶ በዋጋው ይገዛዋል፤ ለዶሮ ቀለብም ይሁን ወዲያው ወስዶ ለሚያሰጣው ሰው። ሸሪዓችን በዝናብ የተጎዳን ነጋዴ ኪሳራ ላይ ኪሳራ አልጨመረበትም። የከለከለው ያን ኪሳራ በድብቅ በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ እንዳያሻግረው ነው። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ማጭበርበር ማለት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ በእኔ ላይ የወደቀውን ጉዳት ወይም እኔ መልፋት የነበረብኝን ልፋት ባለቤቱ ሳያውቅ ወደ ሌላ ሰው ቤት መላክ። መልኩ በየዘመኑ ይለዋወጣል፤ ሥራው ግን ያው ነው።

በ2000 ዓ.ም. በአገራችን የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ። ብሔራዊ ባንክ ከገዛው ወርቅ ውስጥ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከው ሲመረመር ላዩ ብቻ ወርቅ የተቀባ ብረት ሆኖ ተገኘና ተመለሰ። በመዲናው ክምርና በዚያ ወርቅ መካከል የዘመን ርቀት እንጂ የሥራ ልዩነት የለም። በመዲና ሊጎዳ የነበረው አንድ እህል ሸማች ነበር፤ እዚህ የተጎዳው የሕዝብ ሀብት ነው፤ የእናንተ፣ የልጆቻችሁ፣ ስለ ወርቅ ሰምቶ እንጂ አይቶ የማያውቀው ገበሬም ሀብት።

ወደ ማጀታችን ስንገባ ደግሞ ይብሳል። ጄሶና ሰጋቱራ የገባበት የእንጀራ ዱቄት፣ ቀይ አፈር የተቀላቀለበት በርበሬ፣ ሙዝ የተለወሰበት ቅቤ፣ በስኳር የበዛ ማር እየተያዘ በዜና የምንሰማው በተደጋጋሚ ነው። ይህን የሚያደርገው ሰው ከገዢው ገንዘብ ብቻ የወሰደ እንዳይመስለው። የቀን ሠራተኛ ውሎውን ሸጦ ለልጁ የገዛውን ጉርሻ ነው ያበላሸው። ሀብታም የተበላሸ ቢገዛ ጥሎ ሌላ ይገዛል። ድሃ ጥሎ የሚገዛበት ስለሌለው ይበላዋል። ስለዚህ የምግብ አጭበርባሪ በትር ሁልጊዜ የሚያርፈው በደካማው ላይ ነው። ይህን ስናገር ቁጣዬን አልደብቅም፤ በልጅ ሆድ ላይ የሚነገድ ንግድ ዝም የሚባል ነገር አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ) ሱረቱል ሙጠፊፊንን፣ 83ኛውን ሱራ፣ የጀመረው በብርቱ ዛቻ ነው። ዛቻው የወረደው ጎራዴ ይዘው መንገድ ላይ በሚዘርፉ ሰዎች ላይ አይደለም፤ ሰፍረው በሚሸጡ ሰዎች ላይ ነው። ሙፈሲሮች እንዳብራሩት በየስፍሩ የሚያጎድሉት ጥቂት ጥቂት ነበር። ጥፋታቸው ግን ሁለት ስፍር መያዛቸው ነው፤ ሲቀበሉ ሙሉ ያስሞላሉ፣ ሲሰጡ ያጎድላሉ። አላህ የጠየቀባቸውም እነዚህ ሰዎች ለትልቁ ቀን እንደሚቀሰቀሱ አያስቡም ወይ ብሎ ነው። ከጎኑ የተጨፈለቀ ጣሳ ይዞ የሚሰፍር ሰው የረሳው ዋጋውን አይደለም፤ የረሳው ቂያማን ነው።

ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና በገቡ ጊዜ የከተማው ሰዎች በስፍር ነገር እጅግ መጥፎ ነበሩ፤ ይህ ሱራ ከወረደ በኋላ ግን ስፍራቸውን አሳመሩ። ይህ ለእኔ ትልቅ የምሥራች ነው። ገበያ ይስተካከላል። ሙሉ ከተማ የለመደውን ማጭበርበር የተወበት ጊዜ ነበረ። ስለዚህ ማንም ሰው ተነስቶ “ገበያው እንዲህ ነው፣ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ” ቢል ምክንያት አይሆነውም። የመዲና ሰዎችም አንድ በአንድ ነው ጣሳቸውን የቀየሩት።

የመድየን ሰዎች ግን እምቢ አሉ። ነቢዩ ሹዐይብ (ዐ.ሰ) አላህን ብቻ እንዲያመልኩ ከጠሯቸው በኋላ ያስከተሉት ስፍርንና ሚዛንን አታጉድሉ የሚል ትእዛዝ ነው። ከተውሒድ ቀጥሎ ሚዛን መምጣቱን ልብ በሉ። ሕዝቡ የመለሰላቸውን በሱረቱ ሁድ ውስጥ እናገኛለን፤ በገንዘባችን የፈለግነውን እንዳናደርግ የምታዝህ ሶላትህ ናት ወይ የሚል ትርጉም ያለው ነው። የፌዝ ጥያቄ ነበር። ነገር ግን ሳያውቁት እውነቱን ነክተዋል። አዎን፣ ሶላት በገንዘብ ላይ ታዛለች! ከሱጁድ የተነሳ ግንባር ወደ ሚዛኑ ሲጎነበስ ሶላቱ እዚያም አብራው አለች። ዛሬም በአፉ ሳይሆን በሥራው ያንኑ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰጋጅ አለ። ሶላት ሌላ፣ ሥራ ሌላ ነው ይላል። የመድየን ሰዎች ሃይማኖት ይህ ነበር፤ መጨረሻቸውንም ቁርአን ነግሮናል፤ በማለዳ ከቤታቸው ሳይወጡ ጩኸት ያዘቻቸው።

እዚህ ላይ ሐላሉን እንዳላጠብባችሁ እሰጋለሁ። ማትረፍ ወንጀል አይደለም። ብልህ ነጋዴ መሆን ወንጀል አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለሰሓባው ለዑርዋ አንድ ዲናር ሰጥተው በግ እንዲገዛላቸው ላኩት። ዑርዋ በዲናሩ ሁለት በግ ገዛ፤ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጠና በጉንም ዲናሩንም ይዞ መጣ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በንግዱ በረካ እንዲያገኝ ዱዓ አደረጉለት። ቡኻሪ ዘግበውታል። ዑርዋ ያተረፈው ገበያውን ስላወቀ ነው፤ ማንንም አላታለለም፤ ትርፉንም ከላከው ሰው አልደበቀም። ሙያ እንዲህ ነው። በአነስተኛ ዋጋ ገዝቶ በተሻለ ዋጋ መሸጥ፣ መከራከር፣ መደራደር ሁሉ የተፈቀደ ነው። የታዘዝነው ሁለቱም ወገኖች የሚገዙትንና የሚሸጡትን እንዲያውቁ ነው።

ማወቅ ስል ዋጋንም ጨምሬ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከገጠር ሸቀጥ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ወጥቶ መቀበልን ከልክለዋል፤ የገበያውን ዋጋ ሳያውቁ በርካሽ እንዳይሸጡ ነው። ይህ ክልከላ የቡናና የበግ አገር ለሆነችው ለእኛ የወረደ ይመስላል። ከጅማ ገጠር ቡናውን በአህያ ጭኖ፣ ከወሎ ደጋ በጎቹን ነድቶ የሚመጣውን ሰው ከተማ መግቢያ ላይ ጠብቆ “ዛሬ ዋጋው ወድቋል፣ ገበያው ቀዝቅዟል” የሚለው ደላላ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የዕለቱን ዋጋ በገጠር ከተሞች በሰሌዳ ማሳየት ከተያዙት ዓላማዎች አንዱ የሆነው ገበሬው ከዚህ ዓይነቱ ቃል እንዲድን ነበር።

ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ሲገቡ ሶላትን ለመስገድ፣ ዘካን ለመስጠት፣ ለእያንዳንዱ ሙስሊምም ቅን ለመሆን ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አገልጋያቸው ፈረስ በ300 ዲርሃም ተስማምቶ ሻጩን ይዞ መጣ። ጀሪር ፈረሱን አዩት፤ ከ300 በላይ እንደሚያወጣ ለሻጩ ነገሩት። እየጨመሩ፣ እየጨመሩ 800 አደረሱለት። ገዢ ሆነው ዋጋ የሚጨምሩ! ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ሲጠየቁ ምን ብለው እንደመለሱ ታውቃላችሁ? ቃል ገብቻለሁ ነው ያሉት። ሻጩ የፈረሱን ዋጋ አለማወቁ ለጀሪር ሲሳይ አልሆነላቸውም። ዛሬ የአባቷን መሬት ዋጋ የማታውቅ ወላጅ አልባ ልጅ ብትመጣብን፣ ለሕክምና ብሎ ቤቱን በጭንቅ የሚሸጥ ሰው ቢመጣብን፣ እንደ ጀሪር የሚያደርግ ስንት ሰው አለን?

ስለ ደላላ ከተነሳ ስለ ስደት ሳልናገር አላልፍም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። ከነሱ መካከል ብዙዎቹ የወጡት በደላላ እጅ ነበር። በሬ ተሽጦ፣ መሬት ተይዞ፣ እናት ጌጧን አውልቃ የተከፈለ ገንዘብ ነው። ደላላው ስለ በረሃው ያውቃል፤ ስለ ጅቡቲና ስለ የመን ባሕር ያውቃል፤ ልጅቷ በሰው ቤት ምን ሊገጥማት እንደሚችል ያውቃል። ያን ሁሉ ከሥር ደብቆ ከላይ የሚያሳያት ደሞዙን ነው። የሌላውን ነጋዴ እህል ስናይ ቆይተናል፤ የዚህ ሰው እህል ግን የሰው ልጅ ነው። ከእናንተ መካከል “እኔ ማገናኘት ብቻ ነው ሥራዬ” የሚል ካለ አላህን ይፍራ። የምታውቀውን አደጋ ካልነገርካት ያገናኘሃት ከሥራ ጋር አይደለም።

ይህን እላለሁ፤ ለእኔም ለእናንተም ለመላው ሙስሊሞችም አላህን ምሕረት እለምናለሁ። እናንተም ለምኑት፤ እርሱ መሓሪና አዛኝ ነው።

*

ምስጋና ለአላህ፣ ሰላትና ሰላም በረሱሉ ላይ ይሁን።

የአላህ ባሮች ሆይ! አንዳንድ ወንጀል በባሪያውና በአላህ መካከል ነው፤ ተጸጽቶ ኢስቲግፋር ያደረገ የአላህን እዝነት ተስፋ ያደርጋል። የሰው ሐቅ ግን እንደዚህ አይደለም። ያሻገርከው ጉዳት አሁንም በዚያ ሰው ቤት አለ። አንተ ሐጅ ሄደህ ስትመለስ እሱ በሸጥክለት የተበላሸ ሸቀጥ የገባበትን ዕዳ እየከፈለ ነው። በረመዳን ሌሊት ስታለቅስ እሷ ልጇን ሐኪም ቤት ይዛ ተቀምጣለች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓቦቻቸውን ኪሳራ የደረሰበት ሰው ማን እንደሆነ ጠይቀዋቸው ነበር። ሰሓቦቹ ገንዘብና ንብረት የሌለውን ጠቀሱ። እርሳቸው ግን የቂያማ ቀን ሶላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ መጥቶ ለሰደበው፣ ገንዘቡን ለበላበት፣ ለመታው ሰው ሁሉ ከሐሰናው የሚከፍለውን ሰው ነገሯቸው። ሐሰናው ያልቃል፤ ዕዳው አያልቅም፤ የበደላቸው ሰዎች ወንጀል በላዩ ላይ ይጫናል። በአታላይነት የከበረ ሰው ሰደቃውን ሲያበዛ ስታዩ ይህን ሐዲስ አስታውሱት፤ እሱም ያስታውሰው።

ዑለማዎቻችን መንገዱን ግልጽ አድርገውልናል። የበደልከውን ሰው የምታውቀው ከሆነ ሐቁን ለራሱ መልስለት፤ ፊት ለፊት መናገሩ ከባድ ጠብ የሚያስነሳ ከሆነ በሚደርሰው በሌላ መንገድ አድርስለት። ሞቶ ከሆነ ለወራሾቹ ስጥ። የተበደሉት የማታውቃቸው የገበያ ሰዎች ከሆኑና ልታገኛቸው ካልቻልክ ያን ያህል ገንዘብ በእነሱ ስም ለድሆች ስጥ፤ ምንዳው የእነሱ ነው፣ የአንተ አይደለም። አሁን አቅም ከሌለህ ጽፈህ አስቀምጠው፤ ለቤተሰብህ ተናዘዝ፤ ባገኘህ ቁጥር ክፈል። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሸሪካቸው ጉድለት ያለበትን ጨርቅ ጉድለቱን ለገዢው ሳይናገር ሸጠው፤ ገዢውም ማን እንደሆነ አልታወቀም። አቡ ሐኒፋ የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ ሰደቃ እንዳደረጉት በታሪክ መጻሕፍት ተላልፏል። ትርፉን ብቻ አላሉም፤ በሙሉ ነው የሰጡት።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ከመካከላችን የሙስሊምን ሐቅ ፈርቶ የክርስቲያን ጎረቤቱን ወይም የሌላ ሰው ሐቅ የሚያቃልል ካለ ዲኑን አላወቀም። ቁረይሾች ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ለመግደል በተማከሩበት ሌሊት የቁረይሾች የአደራ ዕቃ በእርሳቸው ዘንድ ነበር። ሊገድሏቸው የተነሱ ሰዎች ገንዘብ ነው! ሂጅራ ሲወጡ ዐሊይን (ረ.ዐ) ወደ ኋላ ያስቀሩት አደራውን ለየባለቤቱ እንዲመልስ ነበር። ዐሊይ ቆይተው መልሰው ጨረሱና ተከተሉ። ከዚያ በፊትም ሰሓቦቹ በመካ ሲሰቃዩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ የነገሯቸው እዚያ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ ስላለ ነበር። ያ ንጉሥ በዚያን ጊዜ ክርስቲያን ነበረ። የእኛ አገር በኢስላም ታሪክ ውስጥ የገባችው ሰው በማይበደልባት አገርነቷ ነው። በዚህች አገር ገበያ ላይ ሙስሊም ነጋዴ ማንንም ቢያታልል የራሱን ታሪክ ነው የሚያጎድፈው።

ለወጣቶች። በማታውቁት ሰው ስልክ ላይ ደውላችሁ ሽልማት ወጣልዎት እያላችሁ የሚስጥር ቁጥር የምትቀበሉ ካላችሁ፣ ያቺ በስልክ “ልጄ” እያለች የምታዋራችሁ እናት በቂያማ ቀን ፊታችሁን ታየዋለች። ፈተና ለምትኮርጁም እንዲሁ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ የትምህርቱ ድክመትና ሌላም ምክንያት አለው፤ ነገር ግን ቀድሞ በኩረጃ ስንቱ ጉድለት ተሸፍኖ እንደኖረ ያሳያል። ኮርጆ ሐኪም የሆነ ሰው ያልተማረውን ትምህርት ዕዳ የሚከፍለው በሽተኛው ነው። ወላጆች፣ ለልጃችሁ መልስ የምትገዙ ከሆነ ከልጁ ይልቅ ጥያቄው ለእናንተ ነው።

ሁላችንም ደግሞ ያታለለውን ማድነቅ እንተው። በየቡናው ላይ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሸወደ ሲወራ እንስቃለን፤ የተታለለውን ሞኝ እንላለን። ሰውን አምኖ መግዛት ሞኝነት አይደለም፤ አማና ነው። አጭበርባሪ በሠርጋችንና በኮሚቴያችን ከፊት ረድፍ እስካስቀመጥነው ድረስ ልጆቻችን ከእኛ ቃል ይልቅ የእሱን መኪና ያምናሉ።

አላህ ሆይ፣ በሐላልህ አብቃቅተን፤ ከሐራም አርቀን። አላህ ሆይ፣ የገበያዎቻችንን ስፍር ሙላልን፣ በንግዳችን በረካ አድርግልን። በሰው ተታልለው ቤታቸው የፈረሰባቸውን ጠግንላቸው፤ በባዕድ አገር የተጨነቁትን ወደ ቤታቸው በሰላም መልስልን። አገራችንን ማንም የማይበደልባት አገር አድርጋት። አሚን።

ሶላቱ ሊቆም ነው። ወንድሜ፣ እህቴ፣ አሁን በልባችሁ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ከመጣባችሁ፣ ወይም አንድ ሸቀጥ፣ አንድ ደረሰኝ፣ አንድ ጣሳ ትዝ ካላችሁ፣ ከሶላት በኋላ ወደ ቤት አትሂዱ። ቀድማችሁ ወደዚያ ሰው ሂዱ። ዐስር ከመግባቱ በፊት ሐቁን ስጡት።